አይሞላም

«አዲስ ናት» አለኝ ወንድይፍራው፣ ቁልፏን በጣቱ እያሾረ፣
ከወደብ እስከ ጠባሴ ያለውን ኬላ አንድ ባንድ እየቆጠረ፤
ጣርማበርን ስትወጣ፣ ጉም ውስጥ እንደ ፍም መታየቷን፣
ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮች ትሪ ጥለው መክበባቸውን።

ወንበሯ ሁለት ብቻ ነው፤ ጣሪያዋ ከወገቤ አያልፍም፤
እንደ ሸዋሮቢት ሽንኩርት ቀይ፤ ዓይን ካረፈባት አይነሳም።
«ጭረት የሚባል የላትም» አለ ደግሞ። እኔ ዝም አልኩ።
በዚህ ሙያ መልስ የሚሰጠው መብራት ነው። ለኮስኩ።

መብራቱን በጎን ስይዘው፣ ኮፋኖዋ ድር አደራ፤
ሺህ ሸረሪት ያመሸበት፣ ክብ በክብ የዞረ ሥራ።
እያንዳንዱ ክር የሰው እጅ ነው፦
ወደብ ላይ አቧራዋን በደረቅ ጨርቅ የጠረገ፣
ኮምቦልቻ «ላጥባት ጌታዬ» ብሎ ባልዲ ይዞ ያደገደገ፣
ደብረ ሲና ላይ በመዳፉ ዳብሶ ዳብሶ ያደነቀ።
ሊጎዳት ያሰበ የለም። ሁሉም ሲወዳት ነው የፋቀ።

ወንድይፍራው አጎነበሰ፤ ቁልፉን ወደ ኪሱ ከተተው።
«ታዲያ ሙላዋ!» አለኝ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚለው ይህንን ነው።

ጭረት አይሞላም።
ይህን ለመማር ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ለማስረዳት አንድ ሻይ አይበቃም።
ጭረት የሚጠፋው ዙሪያው ወደ እሱ ሲወርድ ነው፤
ደህናው ገላ ለቆሰለው ሲል ካለው ላይ ሲቆነጥር ነው።

መለኪያዬን አስጠጋሁ። ጣሪያው፣ መቶ ሃያ። ግራው በር፣ መቶ ሁለት።
ከላይ ያለው ግልጹ ንጣፍ፣ የአንዲት ፀጉር ግማሽ ውፍረት።
በእሱ ላይ ነው የምሠራው።
በእሱ ላይ ነው የምኖረው።

አባቴ መሐል ሜዳ፣ መንዝ፣ ዝተት ሠሪ ነበረ፤
የጥቁር በግ ፀጉር ሲነድፍ፣ ሲያሽ፣ ሲረግጥ የኖረ።
እኔም ከሱፍ አላመለጥኩ፤ ማሽኔ ጫፍ ላይ ይዞራል፤
የእሱ የብርድን ጥርስ፣ የእኔ የብርሃንን ጥርስ ያዶለዱማል።

ሁለት ቀን ክንድ በክንድ፣ ቅባቱን እያሸሁ፣ እያበስኩ፣
ረዳቴ ጥሩሰው ጨርቅ እያቀበለች፣ ሙቀቱን በእጄ ጀርባ እየዳሰስኩ።
አንዱ ግን፣ ግራው በር ላይ፣ ከመክፈቻው ዝቅ ብሎ፣
የጥፍር ያህል፣ አለ። ቀረ። እንቢ ብሎ።
«ድገመው» አለችኝ። «ብደግመው ቀዩ ይሳሳል፤
ከቀዩ ስር ግራጫው አለ፤ ከግራጫው ስር ብረቱ ያገጣል።»

ማታ ሴራሚኩን ቀባን፣ ጠብታ በጠብታ፣ መስመር በመስመር፤
የዘይት ቀስተ ደመና ሲያወጣ ያኔ ማበስ ነው፤ ማምሸት የለ፣ መቸኮል የለ፣ ቁም ነገር።
የደብረ ብርሃን ውርጭ ግን በር የሚያንኳኳ እንግዳ አይደለም፤
በቆርቆሮ ስንጥቅ ሾልኮ፣ ሳይጠሩት ያልገባበት የለም።
ስንጥቁን ፋብሪካው በጣለው ቁራጭ ብርድ ልብስ ወተፍን፣
ሁለት ማሞቂያ ግራ ቀኝ አድርገን፣
እስኪነጋ አንዲት ጠብታ ውሃ እንዳትነካት፣
እንደ አራስ ቤት ተራ ገብተን ጠበቅናት።

ጠዋት መጣ። ፊቱን በሩ ላይ አየው፤ ጢሙን ሳያስበው ነካ።
ውሃ ረጨሁ፤ ድቡልቡል ሆኖ፣ ሳይይዝ፣ ተንሸራቶ ተንኳኳ።
ሳይቀድመኝ ልቅደመው ብዬ፣ «እዚች ጋ አንድ ቀርቷል» አልኩት።
ቁጭ አለ። በጥፍሩ ዳሰሰው። ጆሮው ሲቀላ አየሁት።
«ይሄማ የኔ ነው» አለ። «ወደብ ላይ፣ በመጀመሪያዋ ቀን፤
እጄ ተንቀጠቀጠ'ኮ... ቁልፉ...» አልጨረሰውም ቃሉን።

ሄደ። ጉሙ ከአስፋልቱ ጫፍ ላይ ቀይዋን ዋጣት።
ጥሩሰው ሱፉን አራገፈች፤ ነጭ ብናኝ ከእግሯ ስር ወረደላት፤
ሁለት ቀን ሙሉ የወሰድነው፣ ከዚያች ገላ የቀነስነው።
ጠርጋ ጠርጋ በእፍኟ ይዛ፣ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው።
የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም።